የለታ ጾመኛ ዓሦች

ጎባ ላይ እንደ ለታ ያለ እጁ የተባረከ ልብስ ሰፊ አልነበረም፤ እንደ ለታ ቀጠሮ የሚያፈርስም አልነበረም። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም ትንሽ ክፋት ቢኖርበት ኖሮ ነገሩ ሁሉ በተቃናለት። እምቢ ማለት አይችልም፣ በሽታው ይኼ ብቻ ነው። ለጥምቀት ልብስ አሰፋለሁ ብሎ የመጣ ሁሉ እሺ ተብሎ ይሸኛል፤ ከሮቤ የመጣው እሺ፣ ከአጋርፋ የመጣው እሺ፣ ከሪራ ማር ይዞ የመጣው እሺ። በዓሉ ሲደርስ ታዲያ ግማሹ ሰው በአዲስ ልብሱ ሲጨፍር ግማሹ የለታን በር ይደበድባል። ለታ ከስፌት መኪናው ኋላ ጎንበስ ብሎ ለእናቱ «የለም በያቸው» ይላል። እናቱ እማማ ሰንበቴ ደግሞ ውሸት የማይሆንላቸው ሴት ናቸውና በሩን ከፍተው «የለም በያቸው ብሎኛል» ይላሉ።

እንግዲህ ይኼ ሰው ነው የባላምባራስ ኢታናን ልጅ የወደደው። ቀለሟ ትባላለች፤ ሆስፒታል ውስጥ የነርሶች ረዳት ናት፣ ፊቷ የሚስቅ፣ ምላሷ የሰላ። መዋደዳቸውን ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ሽማግሌ ግን አልተላከም። እንቅፋቱ አባቷ ናቸው። ባላምባራስ እምቢ ሲባሉ አየሁ የሚል ሰው በዚያ አገር አይገኝም። እሳቸው ደግሞ ልጄ ያገባች ዕለት ሆስፒታሉን ትታ ቤቷ ትቀመጣለች ብለዋል። ቀለሟ ሥራዋን ትወዳለች፤ መተው አትፈልግም።

«አባባ ሥራዋን ትተዋለች ይሉሃል» አለችው አንድ ቀን፣ ለታ ቤት በር ላይ ቆማ። «አንተም እሺ ትላቸዋለህ። አውቅሃለሁ እኮ!»

«እኔ?» አለ ለታ። «እኔማ…»

በዚያው ሰሞን ከሆስፒታሉ አንድ ፈረንጅ ሐኪም ወደ አገሩ ሲመለስ እቤቱ ያስቀምጠው የነበረውን የመስታወት ሣጥን ከነዓሦቹ ለቀለሟ ትቶላት ሄደ። ሦስት ዓሦች ናቸው፣ ብርቱካን የመሰሉ፣ ከጣት ብዙም የማይበልጡ። ቀለሟ ደግሞ ለነርስነት ትምህርት አዲስ አበባ ልትወርድ ነው፤ የምትመለሰው ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው። ሣጥኑን በሁለት ሰው አሸክማ መጥታ የለታ መቁረጫ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

«ስመለስ በሕይወት ካገኘኋቸው ሽማግሌ ላክ» አለች። «ከሞቱ ግን አትልፋ።»

«ቀለሟ፣ ዓሣና ጋብቻን ምን አገናኛቸው?»

«ዓሣ ጠገብኩ አይልም፣ ለታ። የሰጡትን ሁሉ ሲበላ ይሞታል። ስለ እሱ ሆኖ እምቢ የሚል ሰው ያስፈልገዋል።»

ከዚያ እንደ ሕፃን አስቀምጣ አስጠናችው። ፈረንጁ የተወው ጣሳ ውስጥ ዱቄት አለ፤ በቀን አንዴ፣ ጠዋት፣ በሁለት ጣት ቁንጥር፤ ሌላ ምንም። ውሃው በሳምንት አንድ ጊዜ ሲሶው ብቻ ይቀየራል፤ ሁሉም አንድ ላይ አይደፋም። አዲሱ ውሃ ባልዲ ውስጥ ሆኖ እቤት ያድራል፤ የጎባ ውሃ እንደተቀዳ ከገባባቸው በብርዱ ይደርቃሉ። ከመስኮት ፀሐይም ከምድጃም ይርቃሉ። ሆዳቸው ከተነፋ ደግሞ ጥቂት ቀን ምንም አይሰጣቸውም።

«ምንም? ታመው ሳለ?» ለታ ደነገጠ። «የታመመ እንኳን እህል ተከልክሎ…»

«ምንም!» አለች ቀለሟ፤ ሁሉንም መልሶ እስኪልላት ድረስም ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። በነጋታው በሻሸመኔ መኪና ተሳፍራ ሄደች።

የመጀመሪያውን ሰሞን ለታ እንደታዘዘው አደረገ። ጠዋት ይቆነጥራል፣ ይበትናል፣ አበቃ። ችግሩ የዓሦቹ ጠባይ ነው። ሰው ወደ መስታወቱ በቀረበ ቁጥር ሦስቱም ግር ብለው መጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይገጥማሉ፣ ይከፍታሉ። አሁን በልተው እንኳ እንዲሁ ናቸው። ይኼን ያየ የጎባ ሰው ምን እንደሚያስብ መቼም አይጠፋችሁም።

ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ሱሌይማን ነው መጀመሪያ የመጣው። «ሱብሃነላህ! የአላህ ሥራ!» ብሎ ሲያበቃ ጎንበስ አለና አያቸው። «አንተ፣ እነዚህ ፍጥረቶች ርቧቸዋል።»

«ጠዋት በልተዋል» አለ ለታ።

«ጠዋት? አሁን እኮ ከሰዓት ነው። ወላሂ፣ ከአገራቸው ርቀው የመጡ እንግዶች ናቸው፤ ጎባ ገብተው በረሃብ አለቁ ሊባል ነው?» አለና ከኪሱ ብስኩት አውጥቶ ፈርፍሮ ጣለላቸው።

ለታ አፉን ከፈተ። ገጠመ። ልክ እንደ ዓሦቹ ማለት ነው። ጎረቤት ነው፣ ቅር ይለዋል፣ ለአንድ ብስኩት ምን አለበት ብሎ ዝም አለ።

ለአንድ ብስኩትማ ምንም አልነበረበትም። የሱሌይማን ሚስት ከሚላ ግን በነጋታው ቂጣ ይዛ መጣች፤ የባሏ ተወስዶ የእሷ አይመለስም። ልብስ ሊለካ የመጣው ቆሎ ጣለ። ልብሱ አልደርስ ብሎት ሊቆጣ የመጣው እንኳ ዓሦቹን ሲያይ ቁጣው በርዶለት ዳቦ ቆርሶ ሰጣቸው። እማማ ሰንበቴ ራሳቸው ልጃቸው ዞር ሲል «ብሉ፣ ብሉ እስቲ፣ አትፈሩ» እያሉ ከምሳቸው ያካፍሏቸው ነበር። በዚያ ሰፈር እንግዳ በቀን አንዴ አብልቶ ማሳደር ነውር ነው፤ እንግዳው ዓሣ ስለሆነ ነውሩ አይቀልም። ውሃው የአጥሚት መልክ ያዘ።

ከሦስቱ ትልቋ ሆዷ ተነፍቶ ተቆዘረ። ይኼን ጊዜ እማሆይ ወለተኢየሱስ ተጠሩ። እማሆይ ከመመንኮሳቸው በፊት የጎባን እኩሌታ ያዋለዱ ሴት ናቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዓይናቸውን አጥብበው፣ ከግራም ከቀኝም አዩዋትና፦

«ይቺ ልጅ እርጉዝ ናት» አሉ። «ቀኗም ደርሷል።»

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ለታ «ኸረ እማሆይ፣ ሆዷ ከተነፋ ምንም አትስጣት ተብዬ ነበር» ቢል ማን ሰምቶት። «አንተ ወንድ ልጅ ነህ፣ ምን ታውቃለህ፣ ዞር በል!» ተባለ። ዞር አለ። እማማ ሰንበቴና ከሚላ ገንፎ አገነፉ። መካከሉ ተጎድጉዶ፣ ቅቤው ከነበርበሬው ሞልቶበት፣ ደንበኛ የአራስ ገንፎ። አብዛኛውን አራስ ጠያቂዎቹ በሉት፤ ለእመጫቷ ደግሞ በአውራ ጣት ልክ ቆረሱላትና ውሃ ውስጥ ጣሉላት። በርበሬ እንዳያቃጥላት ግን ቅቤ ቅቤውን ነበር የመረጡላት። አሳቢዎች ናቸው መቼም።

ጠዋት እመጫቷ በጀርባዋ ተንሳፍፋ ተገኘች።

ለታ በማንኪያ አውጥቶ ጓሮ ቀበራት። ከጓሮ ሲመለስ ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ለቅሶ ሊደርሱ ነው የመጡት! በወሊድ የሞተች ናትና ሴቶቹ ከልባቸው አዝነው «እግዜር ያጥናህ» ይሉታል፤ ከመስታወቱ አጠገብ ሲደርሱም ጎንበስ ብለው ለቀሩት ለሁለቱ «ያጥናችሁ» ይላሉ። ሱሌይማን እንኳ ሱቁን ዘግቶ መጥቶ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ለታ ለመሳቅም ለማልቀስም ሳይመቸው መሐል ላይ ቆመ።

ከሚላ ተነሥታ ወደ መስታወቱ ሄደች፤ እጇ ላይ ቂጣ አለ። «ሐዘንተኛ ባዶ ሆዱን አይውልም» አለች። «እህል ይቅመሱ እንጂ፤ እነሱም ተከትለዋት ሊሞቱ ነው እንዴ?»

ለታ ሁለቱን ዓሦች አያቸው። አንደኛው ሆዱ መቀብተት ጀምሯል። በዚህ ዓይነት እስከ ፋሲካ አንድም እንደማይቀር ያን ጊዜ ገባው፤ ቀለሟም መጥታ ባዶ ውሃ አይታ፣ አንዲት ቃል ሳትናገር ዞራ ስትሄድ ታየችው። ፈራ። ከምር ፈራ።

«ጾም ናቸው!» ብሎ ጮኸ።

ቀኑ ሰኞ ነው፤ ሁዳዴ የገባው በዚያኑ ዕለት ነበር።

«ዓሣ ይጾማል እንዴ?» አሉ እማሆይ።

«ይጾማሉ። ቀለሟ… ቀለሟ አስለምዳቸው ነው። ሁዳዴን ሙሉውን።» ለታ መዋሸት ከጀመረ ወዲያ አልከበደውም። «ከቂጣም ከዳቦም ይጾማሉ።»

እማሆይ እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «አይ ፍጥረት! እኛ ሰዎቹ በዘጠኝ ሰዓት ሊያዞረን ይደርሳል፣ እነዚህ ምስኪኖች በባዕድ አገር…» ካሉ በኋላ ወደ ከሚላ ዞረው «አንቺ፣ ያንን ቂጣ ወዲያ!» አሏት።

«በሮመዳን እንኳ ማታ ይበላል» አለ ሱሌይማን፣ ለዓሦቹ አዝኖ።

«ማታውን እኔ አለሁላቸው» አለ ለታ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘበኛ አገኘ። እማሆይ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጎራ ይሉና በርጩማ ስበው መስታወቱ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ እጁን ወደ ኪሱ የሰደደ ሁሉ በዓይናቸው ይመለሳል። ለታ ዓሦቹን ጥቂት ቀን በባዶ ሆዳቸው አዋላቸው፤ የተቀበተተው ሆዱ ሟሸሸ። ከዚያ በየማለዳው ሰው ሳይመጣ ቁንጥሯን ይበትንላቸዋል። ባልዲውን ማታ ሞልቶ እቤት ያሳድራል፤ በሳምንቱ ሲሶውን ይቀዳና አዲሱን በቀስታ ያንቆረቁራል። ውሃው ጠራ። ዓሦቹም ቀለላቸው። ለታ የስፌት መኪናውን እየረገጠ ቀና ባለ ቁጥር ያያቸዋል፤ ውሎ አድሮ ያዋራቸውም ጀመር። ወደዳቸው፤ ለምን ይዋሻል።

ደስታው ግን ሙሉ አልነበረም። እምቢ ያለው እሱ እንዳልሆነ ያውቃል። እምቢ ያለው ሁዳዴ ነው፤ ሁዳዴ ደግሞ ያልቃል።

አለቀም። የፋሲካ ማግስት የለታ ቤት እንኳን አደረሳችሁ በሚል ሰው ተሞልቶ ሳለ በሩ ላይ አንድ ትልቅ ካባ ታየ። ሁሉም ብድግ አለ። ባላምባራስ ኢታና ናቸው። ልጃቸው ለልብስ ሰፊ የሰጠችውን የመስታወት ሣጥን ለማየት ነው የመጡት፤ ከጀርባቸው አሽከራቸው አጋርፋ ካሉ ዘመዶች የተላከ ጩኮ ይዟል። ጩኮ መቼም ታውቁታላችሁ፤ የተቆላ ገብስ ተፈጭቶ በቅቤ የታሸ፣ ገና ሲያዩት እጅ የሚያወዛ።

«አካም፣ ለታ» አሉ ተቀምጠው። «እነዚህ ናቸው ጾመኞቹ?»

«እነዚህ ናቸው፣ ባላምባራስ» አሉ እማሆይ ተሽቀዳድመው። «ሁዳዴን አንድ ቀን ሳያጓድሉ! አሁን ግን ፍስክ ነው፣ ይብሉ። እርስዎ ከመጡማ በእርስዎ እጅ ይፍሰኩ!»

«በርግጥ!» አለ ቤቱ ሁሉ። ሁለት ወር ሙሉ የታገደ እጅ ነው፤ ሱሌይማን ብስኩቱን፣ ከሚላ ቂጣዋን፣ እማማ ሰንበቴ የዶሮ ወጥ የነካ እንጀራቸውን ይዘው ከባላምባራስ ኋላ ተሰለፉ።

ባላምባራስ እጅጌያቸውን ሰብስበው ከጩኮው ቆነጠሩ። ቆነጠሩ ስላችሁ በእሳቸው መጠን ነው፤ ዓሣዋን ራሷን የሚያክል። በጣቶቻቸው አድቦልቡለው ተነሡና ወደ መስታወቱ ሄዱ። ዓሦቹም፣ ዕዳ ናቸው እኮ፣ እንደ ልማዳቸው ግር ብለው መጥተው አፋቸውን ከፈቱ።

እምቢ ካላቸው ልጃቸውን አይሰጡትም። እሺ ካላቸው ልጅቷ አትወስደውም። ያ ሁሉ ቅቤ ውሃው ላይ ከተንሳፈፈ ዓሦቹ ታፍነው ሞተው እንደሚያድሩ ያውቃል፤ ገንፎውን መቼ ረሳው። ሰበብ ፈለገ። ጾም እንዳይል ተፈትቷል። ተኝተዋል እንዳይል ዓይናቸው ፈጥጧል። አመማቸው እንዳይል ይቦርቃሉ። ቀና ቢል እናቱ በዓይናቸው ተው ይሉታል። አንድም ሰበብ አልመጣለትም።

መዳፉን የሣጥኑ አፍ ላይ ዘርግቶ ጋረደው።

«አይሆንም፣ ባላምባራስ።»

የባላምባራስ እጅ አየር ላይ ቀረ። «ምን አልክ?»

«ላኪ፣ አይሆንም አልኩ» አለ፣ እምቢታውን በኦሮምኛም በአማርኛም። ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ እጁ ግን ከቦታው አልተነሣም። «ጠዋት በልተዋል። ከእጅዎ እኔን ያጉርሱኝ፣ ደስ ይለኛል። እነሱ ግን አይበሉም። የማንንም አይበሉም፤ የሱሌይማንንም፣ የእማዬንም።»

ባላምባራስ ኢታና የዘረጉት ጉርሻ ተመለሰባቸው! «ዋይ ልጄን፣ አበደብኝ!» አሉ እማማ ሰንበቴ በለሆሳስ። ባላምባራስ ጩኮውን ወደ ዕቃው መለሱት፣ ጣቶቻቸውን በመሐረብ አንድ በአንድ ጠረጉ፣ ካባቸውን ሰበሰቡ።

«በዚህ ቤት ስም ሽማግሌ ደጄ እንዳይመጣ» ብለው ወጡ።

ሰፈሩ ለታን አኮረፈው። ቆንቋና ተባለ፣ ትዕቢተኛ ተባለ፤ ለዓሣ ብሎ ባላባት ያዋረደ ተባለ። እሱ ራሱ እህል አልወርድ አለው። ዓሦቹ በሕይወት አሉ፣ ቀለሟ ግን የለችም፤ ቀለሟ ከሌለች ዓሣ ምን ይሠራለታል? በዚህ መሐል ከሮቤ የመጣ ሰው ለዳግም ትንሣኤ ኮት ይሰፋልኝ አለው። «አይደርስም» አለ ለታ ቀና እንኳ ሳይል። ሰውዬው ለጥቂት ጊዜ አፍጥጦ ካየው በኋላ «እግዜር ይስጥህ፣ እውነቱን ስለነገርከኝ» ብሎ ሄደ። ለታ እምቢ ማለቱ ለራሱ የገባው ሰውዬው ከሄደ በኋላ ነው።

ቀለሟ በዚያው ሳምንት ገባች። ወሬውን እቤቷ ሳትቀመጥ ነው የሰማችው፤ ከአባቷ ከራሳቸው አፍ። በነጋታው እሷ ከፊት፣ ባላምባራስ ሳይወዱ በግድ ከኋላ ሆነው ለታ ቤት መጡ። ሰላምታ ሳትጨርስ መስታወቱ ላይ ጎነበሰች።

«ሦስተኛዋስ?»

ሰበብ ሞልቶ ነበር፤ ብርዱ፣ ፈረንጁ፣ እማሆይ። ለታ ግን «እኔ ነኝ የገደልኳት» አለ። «ገንፎ አበሏት፣ እምቢ ማለት አቃተኝ። እነዚህን ግን…» ባላምባራስን በጎን አያቸው። «እነዚህን አላስነካሁም።»

ቀለሟ ቀና አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል፣ ከንፈሯ ግን ሊስቅ ነው። «አባባ፣ ሽማግሌዎቹ ይምጡ» አለች።

ባላምባራስ በርጩማው ላይ ተቀመጡ። «ይሁን፣ ይምጡ» አሉ ወደ ለታ ዞረው። «ልጄ ከወደደችህ ቂሜን እተዋለሁ። ሥራዋን ግን ትተዋለች።»

ቀለሟ ለታን አላየችውም። መሬት መሬት ታያለች፤ እጆቿ ነጠላዋን ጨምድደው ይዘዋል።

«አትተውም» አለ ለታ።

ቶሎ ነው ያለው፣ ሳያስብበት፣ ድምፁም አልተንቀጠቀጠም። የቀለሟ እጅ ነጠላውን ለቀቀ። ባላምባራስ አተኩረው ተመለከቱት። ሊቆጡ ነው ብሎ ሁሉም ጠበቀ፤ እሳቸው ግን ትከሻቸው ቀስ ብሎ ወረደ።

«እናትሽ ነበረች እንዲህ የምትለኝ» አሉ ለልጃቸው። «ከሞተች ወዲህ ማንም እምቢ ያለኝ የለም። ቤቱ እንዴት ጭር እንዳለብኝ አታውቂም።»

ቀለሟ ሄዳ አጠገባቸው ቆመች። ዓሦቹ እህል የመጣ መስሏቸው መጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይገጥማሉ። ባላምባራስ ረዘም ላለ ጊዜ ሲያዩዋቸው ቆይተው፣ እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳደረጉ፣ ዝግ ባለ ድምፅ፦

«ነገ በስንት ሰዓት ነው የሚበሉት፣ ልጄ?» አሉት ለታን።